ተጣሞ የጨረሰ እንጨት

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ይስቃል። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ፀጉሬ አልሸበተም፣ ልጅ አልዳርኩም፣ በሽኝት ቀን የተሰጠኝ የግድግዳ ሰዓት የለም። ነገር ግን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ስምንት ዓመት የሠራሁትን ሥራ ዳግመኛ ላልመለስበት ትቼዋለሁ፤ ለዚህ ከጡረታ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ያስተወኝ የእንጨት ብናኝ ነው። ሳሉ አልለቅ ሲለኝ ወልድያ ሄጄ ተመረመርኩ። ሐኪሙ የደረቴን ፎቶ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና «ሥራሽ ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ነበር በይ» አለኝ።

አሁን እዚያው ወልድያ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የሠርግ ጥሪ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ የትምህርት ቤት ፈተና ከመታተሙ በፊት እያነበብኩ ፊደል አርማለሁ። ወንበሩ ምቹ ነው፤ ግጥም ለምትጽፍ ሰው ደግሞ የማይናቅ ሥራ ነው። እጄ ግን አለቃ መቀየሩን ገና አልሰማም። ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁትን ሁሉ፣ የማኅተሙን ቀፎ፣ የወረቀት መጫኛውን፣ ጥግ ጥጉን በጣቴ እጫነዋለሁ፤ ይንገዳገድ እንደሆነ ለማየት።

ሥራዬ በቶርኖ እንጨት መቅረጽ ነበር። ቶርኖ እንጨቱን በሁለት ጫፉ ይዞ ያሾረዋል፤ ሠራተኛው መሮውን አስጠግቶ ክብ ያደርገዋል። የአልጋ እግር፣ የወንበር መደገፊያ፣ ለካህናቱ የመቋሚያ ራስ፣ ለእኛ ለሙስሊሞቹ ደግሞ የሙስበሃ፣ የመቁጠሪያ፣ ዶቃ እንሠራ ነበር። ሰው የሚያየውና የሚዳስሰው ክቡን ነው። ያ ክብ ግን አስቀድሞ አራት ማዕዘን ነበር። አራት ማዕዘኑ ከዋሸ ክቡም ይዋሻል። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ከመሽከርከሩ ይልቅ የደከምኩት ከመሽከርከሩ በፊት ባለው ነገር ላይ ነው፤ የተጣመመች ትንሽ ቁራጭ እንጨት አራት ቀና ፊት እንዲኖራት ማድረግ።

የመጀመሪያው አለቃዬ ይህን ሥራ አያውቀውም ነበር። ከቴክኒክና ሙያ እንደወጣሁ የገባሁት ወልድያ ካለ አንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። «ቶሎ በሉ» ከማለት ሌላ ትምህርት አልነበረውም። አጭርና ጎባጣ ቁራጭ ሁሉ ወደ ማገዶ ይጣላል። አንድ ቀን ጣውላ አለቀና አንዱ የሥራ ባልደረባችን ስንዝር ተኩል የምትሆን ጎባጣ ቁራጭ ከማገዶው አንሥቶ በማሽኑ ፒያላ፣ በመላጊያው፣ ላይ ገፋት። ቁራጯ ማሽኑ ላይ እኩል አላረፈችም ነበር፤ ምላጩ ሲነካት ፈንጥራ በረረች፣ እጁ ወደ ምላጩ ገባ። ሁለት የጣት ጫፍ ቀረበት። አለቃችን ማሽኑን አጠፋና «አጭር አታስገቡ አላልኩም?» አለ። ብሎ አያውቅም። በሳምንቱ ለቀቅሁ። አጭር እንጨት በማሽን ላለማስተካከል ማልኩ፤ በእጅ እንዴት እንደሚስተካከል ግን አላውቅም ነበር።

ወደ ቤተሰቤ አገር ወደ መርሳ ተመለስኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ ጋሽ አራጋው የሚባሉ ሽማግሌ ትንሽ የቶርኖ ቤት ነበራቸው። አንድ ጠዋት በራቸው ላይ ቆምኩ።

«ሰላም አደሩ ጋሽ አራጋው። ሥራ ፈልጌ ነው።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የሰይድ፣ የሾፌሩ።»

«ሰይድ ሴት ልጁን እንጨት ቤት ላከ በይኛ!»

«ማንም አልላከኝም አልኩዎት እኮ።»

ሳቁ። ከዚያ ከመደርደሪያው አንዲት ጎባጣ የወይራ ቁራጭ አወረዱና ከመሥሪያው ጠረጴዛ ላይ ወዳለ ወፍራም መስታወት ጠቆሙኝ። መስታወቱ ከተገለበጠ አውቶብስ መስኮት የወጣ ነው። «አስቀምጪያት» አሉ። አስቀመጥኳት፤ በጣት ሲነኳት ቀጭ ቀጭ ትላለች።

«አጭሩ እግሯ የትኛው ነው?»

አንዱን ጥግ አሳየሁ።

«አይደለም። ነገ ነይ።»

በማግሥቱ ሌላ ቁራጭ፣ ሌላ ስሕተት። በአራተኛው ቀን ያሳየሁት ትክክል ነበር፤ እሳቸው ሽርጣቸውን ፈትተው ወረወሩልኝ።

የተጣመመ እንጨት ሰው እንደሚያስበው እንደ ቀስት የጎበጠ ብቻ አይደለም። ክፉው የተጠመዘዘው ነው፤ አንድ ጫፉ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ያያል። ጋሽ አራጋው ቁራጩን መስታወቱ ላይ ከማኖራቸው በፊት መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ጥላሸት ይቀቡታል። ቁራጩን አንድ ጊዜ ገፋ መለስ ያደርጉና ይገለብጡታል። የጠቆረው ጉብታው ነው። የጠቆረውን ብቻ በእጅ ፒያላ ይላጩታል፤ እንደገና ጥላሸት፣ እንደገና ላጭ። በሚላጭበት ጊዜ እንዳይንገዳገድ ዳሯ ላይ ከፍ ያለ ከንፈር ባላት ትንሽ የሳንቃ ገበታ ውስጥ ያስተኙትና ከአጭሩ እግር ሥር የክብሪት ቀፎ ወረቀት አጣጥፈው ይሰኩበታል። «ገፍተሽ አታስተኚው» ይሉኝ ነበር። «በእጅሽ ተጭነሽ ቀጥ ያደረግሽው እጅሽን ስታነሺ ይመለሳል። ባለበት አስደግፊው፣ ከዚያ ላጪ።»

ጥላሸቱ ፊቱን ሁሉ እኩል ሲያለብሰው እዚያ ፊት ላይ በእርሳስ «ሀ» ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከ«ሀ» ነው የሚለካው። ሁለተኛው ፊት በስኳድራ፣ በማዕዘን መለኪያው፣ ከ«ሀ» ጋር ይገጥማል፤ ሦስተኛውና አራተኛው በመስመር። ስኳድራውን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ሲያዩ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። በዚያ ሰዓት ደንበኛ ቢገባ፣ ቀበሌ ቢገባ መልስ የለም። አንድ ጊዜ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ልጅ ሦስት ጊዜ «ጋሼ!» ብሎ ደንቁረዋል ብሎ ሄደ።

የማይተዉት ሌላ ልማድ ነበራቸው። ግማሹን ከላጩ በኋላ ሥራው ይቆማል። ቁራጩ በጠርዙ ቆሞ ሦስት ቀን ያርፋል። እንጨት ሲላጭ ውስጡ ያለው ቁጣ ይወጣል፤ ጥቂት ይጣመማል። በአራተኛው ቀን ያቺን ጥቂት ይላጯታል። ይህን ያህል ለአንዲት የወንበር እጀታ! እኔ ደግሞ መቀመጥ የማልችል፣ እግሬ ሥር ጉንዳን ያለብኝ ሰው ነበርኩ። በእረፍቱ ቀን ቁራጮቹ ላይ በእርሳስ ስንኝ እጽፍ ነበር። ጋሽ አራጋው አንዱን አንሥተው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ስንኙስ ጥሩ ነው» አሉ፤ «የጻፍሽው ግን ጉብታው ላይ ነው። ይላጫል።» ላጩት።

ሁዳዴና ረመዳን በገጠሙበት ጊዜ ሁለታችንም ጾመኛ ነበርን። ውሃ ልጠጣ ብሎ ጎራ ያለ ሰው ባዶ ጀሪካን ሲያገኝ ጋሽ አራጋው «እዚህ ቤት የሚበላው መጋዝ ብቻ ነው» ይሉ ነበር።

ጦርነቱ ወደ እኛ በመጣበት ክረምት መርሳ ተያዘች። ብዙ ሰው ወደ ደሴ ሸሸ። አባቴ መኪናውን ይዞ ደቡብ ቀረ፤ እናቴ ቤቴን አልለቅም ስላለች እኔም ቀረሁ። ጋሽ አራጋውም ቀሩ። መብራት ጠፋ፣ ወፍጮ ቆመ፣ መንገዱ ስለተዘጋ ከገጠር ማገዶ አይገባም። ሰው እህል ቆልቶና ቀቅሎ ይበላ ነበር፤ ለመቀቀል ደግሞ እሳት ያስፈልጋል። ጋሽ አራጋው ጣውላዎቻቸውን አወጡ። ረጃጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ አዲስ የተገዙ ጣውላዎች። ለጎረቤቱ ሁሉ እየቆረጡ አደሉ። በሦስተኛው መደርደሪያ የተደረደሩትን ጎባጣ ቁርጥራጮች ግን አልነኩም።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘምዘም ድርሻዋን ታቅፋ ወደ መደርደሪያው አየች።

«ጋሽ አራጋው፣ ደህና ነዎት? ቀጥ ያለውን አንድደው ጎባጣውን ያስቀምጣሉ?»

«ዘምዘም፣ ያ ጎባጣ ተጣሞ ጨርሷል። አመሉን አውቀዋለሁ። ይኼ ቀጥ ያለው ግን ገና እርጥብ ነው፤ ምን እንደሚሆን አልነገረኝም።»

«እንዲያ ከሆነ የእኔንም ባል መደርደሪያው ላይ ያኑሩልኝ፤ እሱም ተጣሞ ጨርሷል።»

በነዚያ ወራት ከልቤ የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። ነገሩን ግን እንደ ቀልድ ሰማሁት። ያጠፋሁት እዚያ ላይ ነው።

አንድ ጠዋት የሱቁን በር ተሰብሮ አገኘነው። የቶርኖው ሞተር ተነቅሏል። ፒያላዎቹና መሮዎቹ ጋሽ አራጋው ቤት ተደብቀው ስለነበር ተረፉ። ያን በጥላሸት የጠቆረ መስታወት የፈለገው ሰው የለም። ጋሽ አራጋው ባዶውን የሞተር ቦታ ጥቂት አዩና «የወይዘሮ ዘምዘም የስፌት መኪና ተበላሽቷል አላልሽም?» አሉኝ። የስፌት መኪናውን የእግር መርገጫ አምጥተን ከቶርኖው ጋር በጠፍር አያያዝነው። የአልጋ እግር አይችልም፤ ስንዝር ሁለት ስንዝር የሚሆነውን ትንሽ ሥራ ግን ይችላል። አንድ እግሬ እየረገጠ ሁለት እጄ መሮ ይይዝ ነበር።

ከተማዋ ነፃ ስትሆን የመጀመሪያ ሥራችን የሬሳ ሣጥን ነበር። ስለሱ አልጽፍም። ሁለተኛው ክራንች ነው። እግሩ የተቆረጠ፣ የተሰበረ ሰው ብዙ ሆነ፤ ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ነበርና ክራንች ከየትም አይገኝም። ሁለት ረዘም ያለ ዘንግ፣ ከላይ የብብት ማረፊያ፣ ከመሃል የእጅ መያዣ። ያቺ የእጅ መያዣ የእኛ ነበረች፤ የሰውየው ክብደት ሁሉ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ጫፍና ጫፏ በዘንጎቹ ቀዳዳ ውስጥ በኮላ ይገባል። ጋሽ አራጋው የክራንች መያዣ ከሦስተኛው መደርደሪያ እንጂ ከሌላ እንዳይሠራ አዘዙ።

እንድሪስ በአቅራቢያችን ካለችው ከግራና በጋሪ መጣ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ገበሬ ነው፤ ማሳው ውስጥ የተረሳ ፈንጂ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ወስዶታል። ሚስቱ መዲና ደግፋ አወረደችው። ጋሽ አራጋው ያን ሰሞን ለወንድማቸው ለቅሶ ወልድያ ሄደዋል፤ ሱቁ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ።

«ሠራተኛው የለም?» አለ እንድሪስ።

«ሠራተኛዋ አለች።»

«ማሻ አላህ። እንግዲህ እህቴ፣ እግሬን መሬት ወሰደው፤ አሁን ደግሞ መሬቴን ሰው ሊወስደው ነው። ቶሎ በይልኝ።»

ነገሩን መዲና አስረዳችኝ። ግራና ላይ የመስኖ ውሃ በተራ ነው። የውሃ አባት የሚባሉት ሽማግሌ ቦዩ ዳር ቆመው ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው ሰው ቦዩን ዳር ዳር ሄዶ የማሳውን አፍ ራሱ ይከፍታል፣ ውሃው እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል። ቆሞ መጠበቅ የማይችል ሰው ስሙ ይነሣና ማሳውን በእኩል፣ ምርቱን ሊካፈል፣ በሚያርስለት ሰው ስም ይተካል። አንድ ጊዜ የተተካ ስም ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። የእንድሪስ እህት ባል ከማል ማሳውን በእኩል ልረሰው ብሏል። ተራው የሚደርሰው በስድስተኛው ቀን ነው።

«ስሜ ከተጠራ ይበቃኛል» አለ እንድሪስ። «ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔና ውሃው እንነጋገራለን።»

ስድስት ቀን ለአንዲት ጎባጣ ቁራጭ ይበቃት ነበር። ግማሽ ቀን ላጭ፣ ሦስት ቀን እረፍት፣ ግማሽ ቀን ላጭ፣ ቶርኖ፣ ኮላ። አውቀው ነበር። ከሦስተኛው መደርደሪያ አንድ አወረድኩና መስታወቱ ላይ አኖርኩት፤ እንደ አህያ ጆሮ ተጠምዝዟል። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ለመጥረቢያ እጀታ ብሎ ያመጣው አዲስ የወይራ ዘንግ ነበር። ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ መልኩ የሚያምር። ስኳድራ ባደርግበት ብርሃን አያሳልፍም። ከሱ ቆረጥኩ። በግማሽ ቀን ቀርጬ ጨረስኩ። የተረፈኝን ጊዜ ግጥም ጻፍኩበት።

እንድሪስ በተራው ቀን ቆመ። ስሙ ተጠራ፣ ውሃውን ከፈተ። መዲና ለወይዘሮ ዘምዘም ዘመድ መልእክት ልካ «አላህ እጇን ይባርክ» አለችኝ። ጋሽ አራጋው ከለቅሶ ሲመለሱ ነገርኳቸው፤ ደስ አላቸው። ከየትኛው እንጨት እንደሠራሁት አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

በአንድ ወር ገደማ መዲና ብቻዋን መጣች። ክራንቹን በጆንያ ጠቅልላ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሽ አራጋው፣ ይኸው ዕቃዎ። ሳምንቱን ሙሉ ሲጮህ ከረመ። እኔ ሞኟ የጮኸው የባሌ ትከሻ መስሎኝ ቅቤ አሸው ነበር።»

«ምን ሆነ?»

«በሦስተኛው ተራ፣ ቦዩ ዳር፣ መያዣው እጁ ውስጥ ዞረ። ቦዩ ውስጥ ወደቀ። ውሃው ሰብሮ የሰው ሽንኩርት ላይ ሄደ። እጁ እዚህ ጋ ተሰበረ» ብላ የራሷን አንጓ አሳየች። «ወጌሻ አስሮታል። ስሙንም አነሡት። ከማል ነው የሚጠራው አሁን።»

ጋሽ አራጋው መያዣውን ከዘንጎቹ አላቀቁት፤ ሳይጎትቱት ወጣ። መስታወቱ ላይ አንከባለሉት። ክብ ነገር ሲንከባለል ድምፅ የለውም። ይህ ግን እያነከሰ ተንከባለለ። ደርቆ ከስቷል፤ ሲከሳ ደግሞ ክብነቱን ትቷል። አነሡትና አሸተቱት።

«ሐዋ፣ ከየትኛው መደርደሪያ ነው?»

ያን ጊዜ ፊቴን ወዴት እንዳዞርኩ አስታውሳለሁ፤ ወደ መርገጫው። «ከሦስተኛው» አልኩ።

ጋሽ አራጋው ወደ መዲና ዞሩ። «ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ከሱ እንዲሠራ ያዘዝኩትም እኔ። እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለእንድሪስ እንደዚህ ብለሽ ንገሪልኝ፤ አራጋው አጠፋ በይ።»

መዲና ጆንያዋን አጥፋ ወጣች። ጋሽ አራጋው መያዣውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። እኔን አላዩኝም። የእርጥብ ወይራን ሽታ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው በዚያ አገር አልነበረም። ውሸቴን አውቀው ነው የተሸከሙት።

ሽርጤን እንደታጠቅሁ ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ። መዲና ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ረዳቱ «ግራና ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» ይላል።

«መዲና፣ እኔ ነኝ። እርጥብ እንጨት ነው የሠራሁለት። ጋሽ አራጋው አልነበሩም። ስለቸኮልኩ ነው።»

የጠበቅሁት ስድብ ነበር።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለች። «የወደቀው እሱ ነው። ለሱ ንገሪው።»

ረዳቱ በእኔ በኩል ራሱን አስገባ። «እህት፣ ትገቢያለሽ ወይስ ትመክሪያለሽ?» ሚኒባሱ ሄደ።

ስመለስ ጋሽ አራጋው ያቺን እንደ አህያ ጆሮ የተጠመዘዘችውን ቁራጭ አውርደው መስታወቱ ላይ አስቀምጠዋታል። እሳቸው ራሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ብብታቸው ሥር አስገብተዋል። «ስብራት እስኪጠግን አርባ ቀን ይፈልጋል» አሉ።

ጥላሸቱን ቀባሁ። ቁራጯን ገፋ መለስ አድርጌ ገለበጥኳት፤ ሁለት ነጥብ ብቻ ጠቁሯል፣ ሰያፍ ለሰያፍ። ያ የመጠምዘዝ ምልክት ነው። ከአጭሩ እግር ሥር ሁለት እጥፍ ወረቀት ሰካሁ፣ ገበታዋ ውስጥ አስተኛኋት፣ ሁለቱን ነጥብ ላጨሁ። ከፒያላው የሚወጣው ልጣጭ የጥፍር ቁራጭ ያህል ነው። ወይራ ሲጠነክር ምላጩን ይመልሳል፤ ሦስት ጊዜ ሳልኩት። ነጥቦቹ እየሰፉ መጡ፤ ሁለቱ አራት፣ አራቱ እንደ ነብር ቆዳ፣ በመጨረሻ ፊቱ ሁሉ ጠቆረ። ማታ ማታ ትከሻዬ ያቃጥለኝ ነበር። «ሀ» ልጽፍ እርሳስ ሳነሣ ጋሽ አራጋው ከበርጩማቸው «ዳር ለዳር አዙረሽ እዪው» አሉ። መስታወቱን ጠርጌ፣ ቁራጯን አዙሬ አኖርኳት፤ አንድ ጥግ በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ ቀጭ አለ። እርሳሱን መልሼ አስቀመጥኩ።

ግማሹን ላጨሁና ሦስት ቀን አቆምኳት። በአራተኛው ቀን ተጣማ ነበር፤ የወረቀት ውፍረት ያህል። እሷን ላጨሁ። ጊዜ ስለነበረኝ እንደገና ሦስት ቀን አቆምኳት። በዚህኛው አልነቃነቅም አለች። ከዚያ ወዲያ ነው ከጥግ ጥግ ሁለት መስመር አስምሬ መሃሏን ያገኘሁት፤ ቶርኖው ላይ ስትወጣ መሮው አልዘለለም፤ ልጣጩ እንደ ክር ወጣ። ጫፏን ቀዳዳው ውስጥ በመዶሻ ነበር ያስገባኋት።

አርባው ቀን አልፎ እጁ ሲፈታ ክራንቹን ይዤ ግራና ሄድኩ። ያን ቀን የማሳው ተራ ነበር፤ መዲና በወይዘሮ ዘምዘም ዘመድ በኩል አስነግራኛለች። እንድሪስ ቦዩ ዳር ካለ የግራር ጥላ ሥር ተቀምጧል። ጥቂት ራቅ ብሎ ከማል በአካፋ ተደግፎ ቆሟል። የውሃ አባቱ አባባ ይማም ድንጋይ ላይ ሆነው በመቁጠሪያቸው ዚክር ያደርጋሉ። የሁሉም ተራ ጠባቂ ዓይን እኔ ላይ ነበር።

ሰላምታ ሰጥቼ ለእንድሪስ ሁሉንም ነገርኩት። እርጥቡን እንጨት፣ የተረፈኝን ጊዜ ምን እንደሠራሁበት፣ ጋሽ አራጋው ላይ የዋሸሁትን።

«ግጥሙ እንዴት ነበር?» አለኝ።

«ቀደድኩት።»

«መጥፎ ነበር ማለት ነው።» ክራንቹን በዓይኑ ሰፈረው። አልነካውም። «ይኼኛውስ ላለመዞሩ ምን ዋስ አለኝ?»

«ምንም።»

ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ ወረወረልኝ። «እግርሽን እሰሪና አንቺ ሂጂበት። እስከ ማሳው አፍ ድረስ፣ ደርሶ መልስ።»

አንዱ ተራ ጠባቂ «አቦ፣ በአላህ! ሴት ልጅ...» ብሎ ጀመረ። «አብሽር» አለው እንድሪስ፣ «ሠራተኛዋ አለች ብላኛለች።»

ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሻለሁ። ቀኝ እግሬን ከጉልበቴ አጥፌ በፎጣው አሰርኩ። የቦዩ ዳር ስፋቱ የአንድ ሰው እርምጃ ነው፤ በአንድ በኩል ቦይ፣ በሌላው የራሰ ማሳ። ክብደቴን ሁሉ መያዣው ላይ ጣልኩ። አንድ እግር ያለው ሰው መሬትን እንዴት እንደሚያያት ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ እያንዳንዷ ጠጠር ታስፈራለች። ማሳው አፍ ደረስኩ፣ ዞርኩ። ስመለስ ከኋላዬ አንድ ሰው «ቀስ እያልሽ፣ ሙሽሪት!» አለ፤ ሰው ሳቀ። ዘወር ልል ስል ጤነኛው እግሬ አዳለጠኝና እስከ ወገቤ ጭቃው ውስጥ ገባሁ።

እንድሪስ ከተቀመጠበት ተጣራ።

«መያዣው ዞረ?»

አየሁት። ከጭቃው በላይ አንጠልጥዬው ነበር። «አልዞረም።»

«እንግዲያው የወደቅሽው አንቺ ነሽ» አለ። «አምጪው።»

ፎጣውን ፈትቼ ወሰድኩለት። ብብቱ ሥር አስገባው። የተጠገነው እጁ መያዣውን ሲጨብጥ ጣቶቹ ነጡ፤ ጥቂት ቆመ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ተመለሰ። ማንንም አላየም። እኔ በቦዩ ዳር ወደ ማሳው በኩል ፈቀቅ ብዬ ጭቃዬን እጠርግ ጀመር።

አባባ ይማም መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከላይኛው ማሳ የውሃው ድምፅ ይሰማል።

«ያ ጀማዓ፣ ይኼኛው ተራ በማን ስም ይጠራ?»

ከማል አካፋውን ከመሬት ነቀለ። ቦታው ላይ ጥቂት ቆመና ሄዶ ለእንድሪስ ሰጠው። እንድሪስ አካፋውን በትከሻው አንጋደደ።

«እንድሪስ!» አሉ አባባ ይማም።

«አቤት!»

መጣ። ክራንች፣ እግር፣ ክራንች፣ እግር። ዓይኑ ማሳው አፍ ላይ ነው። እኔ እሱን ሳይ በመንገዱ መካከል መቆሜን ረስቻለሁ። አጠገቤ ሲደርስ ቆመ፤ ተናደደ።

«ሐዋ፣ መንገዱን ልቀቂ እንጂ። ውሃ እየመጣ ነው።»

ተመልሼ ጭቃው ውስጥ ገባሁና አሳለፍኩት።